የባሕር ዳርቻ ዕረፍትና የቅዱሳን ንግሥ በፖርቱጋል፦ ማን ማንን ወለደ?

ኦገስት በፖርቱጋል የዕረፍት ወር ነው። መሥሪያ ቤቱ ጭር ይላል፤ የከተማው ሰው ጥላና ፎጣውን ይዞ ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ይወርዳል፤ እንጀራ ፍለጋ ፈረንሳይ፣ ስዊዘርላንድና ሉክሰምበርግ የተሰደደውም ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ይኸው ወር የንግሥ ወርም ነው። የእመቤታችን ፍልሰታ የሚከበርበት ኦገስት 15 በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ነው፤ በቪያና ዱ ካሽቴሉ ኦገስት 20፣ በእስፖዜንዴ ኦገስት 24፣ በደቡብ በላጉሽ ኦገስት 29፣ ከዚያም በናዛሬ ሴፕቴምበር 8 ሕዝብ ይጎርፋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በፔኒሼ ወደብ የእመቤታችን ምስል በጀልባ ተጭኖ ባሕር ሲወጣ፣ ቀኑን ፀሐይ ሲሞቅ የዋለው ዕረፍተኛም ከአጥማጁ ቤተሰብ ጎን ቆሞ ይሸኛል። ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው የተለመደ ትንታኔ ሁለቱን እንደ ባላንጣ ያያቸዋል። ንግሡ አሮጌው፣ የባሕር ዳርቻው አዲሱ ነው፤ አዲሱ አሮጌውን ቀስ በቀስ እየዋጠው ነው፤ ቅዱሱ ለጎብኚ ማድመቂያ ሆኗል ይባላል። በእኔ አመለካከት ይህ ትንታኔ ታሪኩን ገልብጦ ያነባል። ፖርቱጋላዊው ተራ ሰው ወደ ባሕር መውረድን የተማረው ከቅዱሱ ነው፤ ዛሬም ንግሡን በእግሩ ካቆሙት ነገሮች ዋናው የበጋው ዕረፍት ነው። በዓሉን የሚያሰጋው ነገር አለ፤ እሱን ግን ዋናተኛው ዘንድ አናገኘውም።

ነገሩ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታየው በሰሜን፣ በእስፖዜንዴ አካባቢ በሚገኘው የሳኦ ባርቶሎሜው ዱ ማር መንደር ነው። ኦገስት 24 የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቀን ነው፤ በሕዝቡ እምነት በዚያ ዕለት ሰይጣን ከእስራቱ ይፈታል፤ ቅዱሱም በምስሉ ላይ ሰይጣንን አስሮ ይታያል። ወላጆች ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ከሰሜናዊው የሚኞ ክፍለ አገር ገጠር ይመጣሉ። ልጁ ጥቁር ዶሮ ታቅፎ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል፤ ከቅዱሱ ምስል ሥር ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ይወሰዳል። እዚያ ሥራው ሰው ማጥመቅ የሆነ፣ በአገሩ አጠራር ባኜይሩ የሚባል ሰው፣ እየጮኸ የሚንፈራገጠውን ሕፃን ተቀብሎ በሚመጣው ማዕበል ውስጥ ይነክረዋል፤ አንሥቶ እንደገና ይነክረዋል። የሚነከርበት ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት። ልጁ ከፍርሃት፣ ከመንተባተብና ከሚጥል በሽታ ይጠበቃል ተብሎ ይታመናል። ዶሮው ስለት ነው። ይህን ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ለተወሰነ ቀን ተቆጥሮ የሚጠመቁት ጸበል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ባሕሩ እዚያ ቦታ ምን ሥራ እንደሚሠራ ወዲያው ይገባዋል። እንዲያውም ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን ጥምቀት ሲከበር አይቶ፣ ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሲል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋግሯል፤ ያየውንም በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ አስፍሮታል። የቀሳውስቱ ትምህርት እንዲህ ጥብቅ በነበረበት አገር የገበሬው ሕዝብ ግን ውኃውን አልተወም። ከተራራው ሥር ለሚኖር የሚኞ ገበሬ ባሕር የሚያስፈራ ቦታ ነበር፤ አጥማጁን የሚበላ፣ ለማዳበሪያ የሚሆን የባሕር አረም የሚለቀምበት፣ ያለ ጉዳይ የማይቀረቡት ቦታ። ልብሱን አውልቆ እዚያ ውስጥ እንዲገባ ፈቃድ የሰጠው ቅዱሱ ነው።

በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በአልጋርቬ፣ ይኸው ነገር ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል። በላጉሽ “ባኙ 29” የሚባለው በዓል ኦገስት 29 ይከበራል። ከተራራማው የውስጥ አገር የሚኖሩ ሰዎች በዚያ ቀን ጋሪያቸውን ጭነው፣ ከብታቸውን ነድተው፣ ምግባቸውን ቋጥረው ወደ ዳርቻው ይወርዱ ነበር። በዚያ ዕለት አንድ ጊዜ ባሕር መግባት ሃያ ዘጠኝ ጊዜ እንደ መታጠብ ይቆጠራል ይባላል። ይህ እምነት ለምን እንደ ተፈጠረ ማሰብ ይጠቅማል። ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራና ለአንድ ቀን ብቻ መምጣት ለሚችል ድኻ፣ ሀብታሙ ለአንድ ወር ተቀምጦ የሚያገኘውን ጥቅም በአንድ ቀን የሚያስገኝ ሒሳብ ነው። ቀኑ የዮሐንስ መጥምቅ አንገት የተቆረጠበት መታሰቢያ ነው፤ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ኦገስት 29 የሚውለው በእኛው መስከረም 1፣ በቅዱስ ዮሐንስ ቀን መሆኑን ልብ ማለት ደስ ይላል። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የቀኖቹ አቀማመጥ ነው። ኦገስት 15፣ ኦገስት 24፣ ኦገስት 29 እና ሴፕቴምበር 8 ሁሉም የሚውሉት እህሉ ተወቅቶ ካበቃ በኋላ፣ የወይን ለቀማው ሳይጋመስ ነው። የገበሬው እጅ የሚፈታው ያኔ ነው። ስለዚህ ዛሬ የዕረፍት ወቅት የምንለውን የበጋውን መጨረሻ፣ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ሳይኖር፣ የቅዱሳኑ ቀን ቀድሞ አስይዞት ነበር። የሠራተኛ ሕግ የዓመት ፈቃድን ከመፍቀዱ ብዙ ዘመን በፊት፣ ማንም ጌታ ሊከለክለው የማይደፍረው ፈቃድ ንግሥ ነበር።

ማረፊያውና መንገዱም እንዲሁ የንግሡ ሥራ ናቸው። ናዛሬ ዛሬ በዓለም የምትታወቀው በክረምት ማዕበሏ ነው፤ ከፍተኛ ማዕበል ጋላቢዎች የሚታዩበት ያ ገደል ግን ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የተሳላሚ ቦታ ነበር። በአፈ ታሪኩ መሠረት በ1182 ዶም ፉዋሽ ሩፒኙ የተባለ መኮንን በጭጋግ ውስጥ አጋዘን ሲያሳድድ፣ ፈረሱ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ እመቤታችንን ጠርቶ ዳነ። ከሊዝበን ሰሜን ያሉ አጥቢያዎች በማኅበር ተደራጅተው ወደዚያ ይወጣሉ። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ አሥራ ሰባት አጥቢያዎችን ያቀፈ ነው፤ ምስሉ በየዓመቱ ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው ስለሚዘዋወር አንድ አጥቢያ ተራው የሚደርሰው በአሥራ ሰባት ዓመት አንዴ ነው። ከሊዝበን በስተደቡብ በኢስፒሼል ርእሰ ምድር ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ በነፋስና በባዶ ሜዳ መካከል፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ለተሳላሚዎች የተሠሩ ባለ ሁለት ፎቅ ረጃጅም የእንግዳ ማረፊያዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ግራና ቀኝ ተዘርግተው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ውኃ የሚያመጣ ቦይና ቴአትር ቤት ሳይቀር ነበራቸው። ለባሕር ዳርቻ ዕረፍተኛ ሆቴል የሚሠራ ነጋዴ ባልነበረበት ዘመን፣ ብዙ ቤተሰብ ለቀናት ውቅያኖስ አፋፍ ላይ ተቀምጦ የሚበላበት፣ የሚተኛበትና የሚዝናናበት ቦታ ያዘጋጀው ማኅበር ነው። በሴቱባል ይህ አሁንም በሕይወት አለ። የሴቱባል አጥማጆች በኦገስት የትሮያዋን የሮዛሪ እመቤት ለማንገሥ ጀልባዎቻቸውን በባንዲራ አስጊጠው የሳዱን ወንዝ አፍ ይሻገራሉ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ድንኳን ተክሎ በዳርቻው ይሰፍራል፤ ቀን ይዋኛል፣ ማታ ዓሣ ይጠበሳል፣ በተመደበው ሰዓት ሰልፉ ይወጣል። ለእነዚህ ሰዎች የዓመቱ ዕረፍት የቱ ጋ አብቅቶ ንግሡ የቱ ጋ እንደሚጀምር ብትጠይቅ መልስ አታገኝም።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ባሕር መታጠብ የሐኪም ፈጠራ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሪቻርድ ራስል የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የባሕር ውኃን ለበሽታ ካዘዘ በኋላ ልማዱ ከእንግሊዝ ተነሥቶ አውሮፓን አዳረሰ፤ ወደ ፖርቱጋልም የገባው በቤተ መንግሥትና በሀብታሞች በኩል ነው ይላል። ማስረጃው አይናቅም። ንጉሥ ሉዊሽ ከ1870 ጀምሮ የካሽካይሽን ምሽግ የበጋ ማረፊያው ሲያደርግ መኳንንቱ ተከተሉት። ደራሲው ራማሉ ኦርቲጋኦ በ1876 ስለ ፖርቱጋል የባሕር ዳርቻዎች ለታጣቢዎችና ለመንገደኞች መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ አወጣ። በ1882 የቤይራ አልታ ባቡር ሲከፈት ፊጌይራ ዳ ፎዝ በስፔናውያን ዕረፍተኞች ተሞላች። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የሚያስረዳው ግን የካዚኖውን፣ የባቡሩንና የሆቴሉን መምጣት ነው እንጂ፣ ተራው ሕዝብ ለምን ያንን ልማድ ሳያንገራግር እንደ ተቀበለ አይነግረንም። የሐኪሙ ትእዛዝ ራሱ ምን ይመስል እንደነበር እንመልከት። ሐኪሙ መታጠቢያውን በቁጥር ያዝዝ ነበር፤ ይህን ያህል ቀን፣ በጠዋት፣ በባዶ ሆድ። መዋኘት የማታውቀውን የከተማ እመቤት እጇን ይዞ ማዕበሉ ውስጥ የሚነክራት፣ በቅዱሱ ቀን ሕፃናቱን የሚነክረው ያው ባኜይሩ ነበር። በፖቮዋ ዴ ቫርዚም ሀብታሞቹ ከመምጣታቸው በፊት ለቆዳና ለአጥንት ሕመም ባሕሩን ፈልገው የመጡት የቤኔዲክት ገዳም መነኮሳት ነበሩ። ሐኪሙ ያመጣው አዲስ ምክንያት ነው፤ መንገዱን፣ ቁጥሩንና ሠራተኛውን ያገኘው ተዘጋጅቶ ነው። ምሁራን የባሕር ዳርቻ ዕረፍትን ታሪክ ሲጽፉ የሚዘነጉት ይህንን ነው፤ ጽሑፍ የተወው ባቡር የተሳፈረው ክፍል ስለሆነ፣ በጋሪ የመጣው ከታሪኩ ተቆርጦ ቀርቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፖለቲካ በኩል ይመጣል። እነዚህ “ጥንታዊ” የሚባሉ በዓላት አብዛኞቹ የሳላዛር አምባገነን መንግሥት ያሳመራቸው ናቸው፤ ሃይማኖትም ሕዝብም የለባቸውም የሚል ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ ግማሽ እውነት አለው። ቀድሞ በ1910 ንጉሡን ያባረረው ሪፐብሊክ በ1911 ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት የሚለይ ሕግ አውጥቶ የአደባባይ ሰልፎችን ገድቦ ነበር። ሳላዛር ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በሊዝበን ሰፈሮች ጁን 12 ማታ ለቅዱስ አንቶኒዮ ዋዜማ በየአልባሳታቸው ወጥተው የሚወዳደሩበት “ማርሻ” በ1932 የተዘጋጀ ነው፤ ካዘጋጁት አንዱ የፊልም ሰው ዦዜ ሌይታኦ ዴ ባሩሽ ሲሆን፣ የናዛሬን አጥማጆች ሕይወት በፊልም ያሳየውም እሱ ነበር። የባሕር ዳርቻውም ከዚያ እጅ አላመለጠም። በ1935 የሠራተኛውን ትርፍ ጊዜ የሚያደራጅ ብሔራዊ ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1938 በኮሽታ ዳ ካፓሪካ ለሠራተኞች የዕረፍት ሰፈር ከፈተ፤ በ1941 ደግሞ የዋና ልብስ ልክና ቁመት በአዋጅ ተወሰነ፣ በየዳርቻውም ተቆጣጣሪ ተመደበ። እንግዲህ መንግሥቱ ንግሡንም ዳርቻውንም በአንድ እጅ ለመያዝ መፈለጉ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች እነዚህ ሁለቱ መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ማርሻው ግን በ1974 አብዮት አልሞተም። መንግሥቱ ወድቆ ሰፈሮቹ ሰልፉን ያዙት፤ ዛሬ ለአልፋማ ወይም ለማድራጎዋ የሚሰለፍ ሰው ስለ 1932 አያስብም፤ ስለ አያቱ ያስባል። የአንድ ልማድ አነሣሥ ከንቱ ቢሆን እንኳ የኋላ ኑሮውን ከንቱ አያደርገውም።

አብዮቱ ሌላም ነገር አመጣ። ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ የሁሉም ሠራተኛ መብት ሆነ፤ የባሕር ዳርቻው ከሀብታሙ እጅ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎም የአገሪቱን ገጽ የለወጠ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፖርቱጋላውያን አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ ብዙዎቹ የገቡት ወደ ፈረንሳይ ነበር። የፓሪስ የሕንፃ ግንበኛና የቤት ሠራተኛ ፈቃድ የሚያገኘው በኦገስት ነው። ስለዚህ በአያሌ መንደሮች የንግሡ ቀን ከትክክለኛው ዕለት ተነሥቶ ወደ ኦገስት ቅዳሜና እሑድ ተዛወረ። በዚህ የሚያዝኑ ካህናትና የባህል ሰዎች አሉ፤ ቅዱሱን ለዕረፍተኛው መርሐ ግብር አስገዛችሁት ይላሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ቀን የራሱ ክብር አለው። ግን ከላይ እንዳየነው የንግሥ ቀን ከሥራ ጋር ሳይደራደር የኖረበት ዘመን የለም። ገበሬው ከውቂያ በኋላ ያለውን ቅዱስ አጥብቆ እንደያዘ ሁሉ፣ ስደተኛው ፋብሪካው የሚዘጋበትን ወር ያዘ። የመንደሩን ባንድ፣ ርችትና የመብራት ማስጌጫ የሚከፍለው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ሆነ፤ ልጆቹ ፖርቱጋልኛውን የሚለማመዱት፣ ክርስትና የሚነሡት፣ ሠርጉም የሚደገሰው በዚያው ሳምንት ነው፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። በፋቲማ የኦገስት 13 ስግደት የስደተኞች ቀን ሆኖ መወሰኑ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ይህን እውነት መቀበሏን ያሳያል። ኦገስት ባይኖር ኖሮ ብዙ የሰሜን ፖርቱጋል መንደር ቅዱሱን የሚሸከምለት ትከሻ ባጣ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚታየው በቪያና ዱ ካሽቴሉ ነው። የአጎንያዋ እመቤት የአጥማጆች ጠባቂ ናት፤ ስሟ የተያያዘው ባሎቻቸው ባሕር ላይ ሳሉ የሚጨነቁ ሴቶች ከሚያቀርቡት ጸሎት ጋር ነው። ሰሜናዊው አትላንቲክ ቀልድ አያውቅም፤ በ1892 ፌብሩዋሪ 27 በፖቮዋ ዴ ቫርዚም ባሕር ላይ በአንድ ማዕበል 105 አጥማጆች አልቀዋል። ኦገስት 19 ማታ የሪቤይራ ሰፈር ሰዎች፣ ይህ የአጥማጆቹ ሰፈር ነው፣ ወንበራቸውን ደጃፍ አውጥተው በየመንገዳቸው ይወርዳሉ። ነጭ ጨው በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቢጫ ቀለም ተነክሮ በጆንያ ተቀምጧል። አስፋልቱ ላይ የእንጨት ቅርጽ ያሳርፋሉ፤ በቅርጹ ውስጥ ጨውን እያፈሰሱ በእጅ ያስተካክላሉ፤ ቅርጹን ሲያነሡ መልህቅ፣ ዓሣ፣ ጀልባ፣ አበባ፣ የእመቤታችን ልብ ይወጣል። እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ንድፍ አለው፤ ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል፤ አሮጊቶቹ ያዝዛሉ፣ ወጣቶቹ ይሸከማሉ። በማግስቱ ምስሉ በጀልባ ባሕር ወጥቶ፣ ባሕሩ ተባርኮ፣ ሲመለስ ሰልፉ በዚያ ጨው ላይ ያልፋል፤ የሌሊቱ ድካም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበተናል። ከዚያ ቀደም ባለው ሰልፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች የአያት ልብስ ለብሰው፣ ደረታቸውን በወርቅ ሸፍነው ይወጣሉ፤ ወርቁ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ቁጠባ ነው፤ ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከቆመው ሕዝብ ብዙው ዕረፍተኛ ነው፤ ጠዋት ባሕር ዳር ውሎ የመጣ። መገኘቱ ጨውን የሚያፈስሰውን እጅ አላሰነፈውም፤ እንዲያውም ሰፈሩ ከሰፈር ጋር የሚፎካከረው ሰው ስለሚያይ ነው። የፖርቶው የቅዱስ ዮሐንስ ሌሊትም ከዚህ አይለይም፤ ጁን 23 ማታ ሕዝቡ በፕላስቲክ መዶሻ እየተመታታ አደባባይ ይወጣል፣ እኩለ ሌሊት በዶሩ ወንዝ ላይ ርችቱን ያያል፣ ከዚያ ወጣቱ ወንዙን ተከትሎ እስከ ፎዝ ዳርቻ ይጓዝና እዚያው ይነጋበታል።

ሃይማኖቱስ? የሚል አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በ2021ዱ የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ከሆኑ መላሾች 80.2 በመቶዎቹ ካቶሊክ ነን ብለዋል፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ታዲያ ንግሡን የሚሞላው ሕዝብ አማኝ ነው ወይስ ተመልካች? በመጀመሪያ፣ የእሑዱን ቅዳሴ ብቻ የእምነት መለኪያ ማድረግ ለዚህ ሕዝብ አይሠራም። የሮማሪያ፣ ማለትም የንግሥ ጉዞ፣ ሃይማኖት የስለት ሃይማኖት ነው። ልጄ ከቀዶ ሕክምና ከተነሣ በእግሬ እመጣለሁ፣ ባሌ ከባሕር ከተመለሰ የቁመቴን ያህል ሻማ አመጣለሁ ያለ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንዴ ብቻ ቢገባም ያችን አንዲት ቀን አያስቀርም። ፋቲማ ላይ በጉልበቱ የሚሄደውን ሰው አይቶ ተመልካች የሚለው የለም። ካህናቱ ስለ ዳንሱ፣ ስለ መጠጡና ስለሚጠበሰው ሰርዲን ጢስ የሚያሰሙት ቅሬታም አዲስ አይደለም፤ የንግሥ ጭፈራ ከቅዱሱ ደጅ የተለየበት ዘመን በፖርቱጋል የለም። ይሁንና ተቃውሞው አንድ ትክክለኛ ነጥብ ይዟል፤ ልተወው አልችልም። ስለቱን ይዞ የሚመጣው ሰውና ካሜራውን ይዞ የሚመጣው ሰው አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቦታ ሲይዝ ሥርዓቱ እንዳለ ቢቀጥል እንኳ ዋጋው ይወርዳል። ልዩነቱን የሚወስነው ግን የጎብኚው ብዛት አይደለም። የሚወስነው ከጎብኚው ፊት በዓሉን የሚሠራ፣ በዓሉ የራሱ የሆነ ሰው መኖሩ ነው።

እውነተኛው ሥጋትም እዚህ ላይ ነው። ፖርቱጋል በ1986 የአውሮፓ ማኅበር አባል ከሆነች ወዲህ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎቿ ቁጥር ክፉኛ ቀንሷል፤ ባሕሩን የሚባርኩት ሰልፎች ባሕር የሚወጣ ሰው ይፈልጋሉ። በትሮያ፣ የሴቱባል አጥማጆች ድንኳን በሚተክሉበት በዚያው ልሳነ ምድር ላይ፣ ውድ ሆቴሎችና የዕረፍት ቤቶች ቆመዋል። በሊዝበን የቅዱስ አንቶኒዮን ሌሊት የሚያደምቁት ሰፈሮች ቤቶቻቸው ለአጭር ቆይታ ጎብኚ እየተከራዩ፣ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተገፍተዋል፤ ከማርሻው ተሰላፊዎች ብዙዎቹ አሁን ለልምምድ የሚመጡት ከሌላ ሰፈር ነው። ዳርቻ ላይ ፀሐይ ከሚሞቀው ቤተሰብ ይህን ጥፋት መፈለግ ከንቱ ነው። ያ ቤተሰብ አያቱ በጋሪ የመጣበትን መንገድ በመኪና ይዞታል። በዓሉን የሚገድለው በዓሉን የሚሠራው ሰው የሚኖርበትን ቤት ማጣቱ ነው። ሰዎች የበዓልን መጥፋት የሚፈሩት ሁልጊዜ ቀኑ ሲሰረዝ ነው። በ2013 መንግሥት በዕዳው ቀውስ ምክንያት አራት የበዓል ቀኖችን፣ ከእነሱም ከቫቲካን ጋር ተስማምቶ ቅዱስ ቁርባንንና የቅዱሳን ሁሉ በዓልን፣ ከሥራ ዕረፍትነት ሲያስወጣ ብዙ ጩኸት ተሰማ፤ በ2016 አራቱም ተመለሱ። ቀን በሕግ ይነሣል፣ በሕግ ይመለሳል። ከሪቤይራ ወይም ከአልፋማ የለቀቀ ቤተሰብ ግን በአዋጅ አይመለስም።

ስለዚህ የፖርቱጋል ከተሞች ለንግሥ የሚያወጡትን ገንዘብ እንዴት እንደሚያወጡ እንደገና ቢያስቡበት መልካም ነው። ለርችት፣ ለመድረክና ለታዋቂ ዘፋኝ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ሌሊት ያደምቃል፤ የአጥማጆች ሰፈር ኪራይ ከአጥማጅ ገቢ ጋር እንዲመጣጠን ማድረግ ግን በዓሉን ለሚቀጥለው ትውልድ ያቆያል። የሊዝበን ማዘጋጃ ቤት በ2018 መጨረሻ በአልፋማ፣ በሞራሪያ፣ በካሽቴሉ፣ በማድራጎዋና በባይሩ አልቱ አዲስ የጎብኚ ማከራያ ቤት ፈቃድ መስጠት አቁሞ ነበር። እርምጃው ስለ ቅዱስ አንቶኒዮ ታስቦ የተወሰደ አይደለም፤ ዘግይቷልም። ለቅዱስ አንቶኒዮ ሌሊት የሚበጀው ግን እንዲህ ያለው እርምጃ ነው፤ ቪያና፣ ሴቱባልና ናዛሬም የአጥማጆቻቸው ሰፈሮች ሳይራቆቱ በፊት ይህንኑ ሊያደርጉ ይገባል።